ልጁ ይምጣ፣ በደሉ ይቅር

ፉሪ ሰፈር ውስጥ ለዕርቅ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ቤት ከማለዳው ይለያል። ግቢው ይጠረጋል፤ አቧራ እንዳይነሣ ውኃ ይረጫል፤ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ይመጣል። የቤቱ እናት ነጠላዋን አጣፍታ ከጓዳው በር አትርቅም። ሽማግሌዎቹ በአማርኛ የጀመሩትን ነገር በኦሮምኛ ይጨርሱታል፤ ሁለቱ ቋንቋ አጥር ተጋርቶ የሚኖርበት ሰፈር ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። አጥፊው ልጅ መጨረሻ ላይ ይገባል። ጥፋቱ የከበደ እንደሆነ ድንጋይ ጫንቃው ላይ አድርጎ ይንበረከካል። ሽማግሌው ይለምናል፤ አባት ዝም ይላል። ሌላው ሽማግሌ ይቀጥላል፤ አባት አሁንም መሬት መሬቱን ያያል። በስተመጨረሻ «ይቅር» ይላል። ቀጥሎ የሚናገረው ነው ሁልጊዜ የሚገርመኝ። ምሕረቱን የራሱ አድርጎ አይዘውም፤ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» ብሎ ወደ ላይ ያሻግረዋል።

ስለ ግጥም ለመጻፍ ተነሥቼ ከዕርቅ ምንጣፍ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የወላጅ ይቅርታና የአምላክ ምሕረት በእኛ ግጥም፣ በቅኔውም በመንዙማውም በእንጉርጉሮውም፣ ተነጣጥለው አይገኙም። አባት ሲምር አምላክን ይጠራል፤ አምላክ እንዲምር ሲለመን ደግሞ እናት ትጠራለች። ይህ መዋዋስ ከየት እንደመጣና ግጥሙን ምን እንዳደረገው ለማየት ግን መጀመሪያ ቃሉን ራሱን መፍታት ያስፈልጋል።

«ይቅር» የተወለደው «ቀረ» ከሚለው ግሥ ነው። በዳዩን ይቅር ስንለው የምናዘው እሱን አይደለም፤ የምናዘው በደሉን ነው። በደሉ ይቅር፣ ወደኋላ ይቅር፣ አብሮን አይምጣ ማለታችን ነው። ኦሮምኛውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ይቅርታ «ዺፈማ» ነው፣ ሥሩም «ዺሱ»፣ መተው። ግእዙ በጌታ ጸሎት ውስጥ በደልን ይቅር ለማለት የሚጠቀምበት ቃል «ኀደገ» ነው፤ እሱም ተወ ማለት ነው። ወንጌሉ የተጻፈበት የግሪክ ቃል እንኳ መልቀቅን፣ መተውን ነው የሚያመለክተው። አራት ቋንቋ ተስማምቶ ይቅርታን ከትከሻ ላይ እንደሚወርድ ሸክም አየው። የፉሪው ልጅ ጫንቃ ላይ ያለው ድንጋይም ሽማግሌው ተነሥቶ ሲያወርደው ያንኑ ቃል በእጅ እንደ መናገር ነው።

አሁን ወደ ግጥሙ እንቅረብ። «ቀረ» በአማርኛ ሌላ ፊት አለው። ልጅ አገር ጥሎ ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር «ሰው አገር ቀረ» እንላለን። እንግዲህ አንድ አባት ቂም ይዞ፣ ልጁም ባሕር ማዶ ሆኖ፣ ጎረቤት ስለ ልጁ ሲጠይቀው «ይቅር!» ቢል ምን ማለቱ ነው? ሰሙ፣ ላይ ላዩ ትርጉም፣ ግልጽ ነው፤ እዚያው ይቅር፣ አይምጣብኝ። ወርቁ ግን ከሥሩ ተቀብሯል፤ በደሉ ይቅርለት፣ ምሬዋለሁ። አንድ ቃል በሩን ይዘጋል፤ ያው ቃል በሩን ይከፍታል። አባትየው ራሱ የትኛውን እንዳለ ላያውቀው ይችላል። ጎረቤት የሰማው አንዱን፣ ጓዳ ያለችው እናት የሰማችው ሌላውን ይሆናል። የወላጅ ይቅርታ ለአማርኛ ግጥም እንዲህ የተመቸበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ቋንቋው ኩራቱንና ርኅራኄውን በአንድ ትንፋሽ እንዲናገር ይፈቅድለታል። ፉሪን የመሰለ፣ ከብዙ ቤት ቢያንስ አንድ ልጅ ወደ ዓረብ አገር ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደበት ሰፈር ይህንን ለማስተማር መጽሐፍ አያስፈልገውም። የእናቶቹ ጸሎት በሁለቱ «ቀረ» መካከል ነው የሚውለው። ልጁ አይቅር፤ በደሉ ይቅር።

ልመናውም እንዲሁ ድርብ ነው። «ማረ» ከሚለው ግሥ የሚወጣው ትእዛዝ «ማር» ነው፤ ንብ ከምትሠራው ማር በፊደልም በድምፅም አይለይም። ለማስረጃ ያህል ራሴ የገጠምኩትን ላስቀምጥ፤

አባባ ደጅህ ላይ ባዶ ቀፎ ይዤ፣
ማር እልሃለሁኝ ክረምቱን ተጉዤ።

ሰሙ የንብ አርቢ ልመና ነው፤ ወርቁ የልጅ ንስሐ። ባዶው ቀፎ ልጁ ራሱ ነው፤ ክረምቱም የጠፋበት ዘመን። ልብ በሉ፤ ልጁ አንድም ቦታ ላይ «አጥፍቻለሁ» አላለም። ሰው ከወላጁ ፊት ሲቆም ጥፋቱን በግልጽ መጥራት ያቅተዋል፤ ቢጠራው ደግሞ አባቱን ዳግም የሚያቆስል ይመስለዋል። ሰምና ወርቅ ብዙውን ጊዜ የሊቃውንት መራቀቂያ፣ ወይም ባለሥልጣንን በዘዴ መንኪያ ተደርጎ ይነገራል። ሦስተኛው ሥራው ግን ይረሳል። አፍ አውጥተን ልንለው የሚያሳፍረንን ፍቅር ይሸፍናል። የአንድ አገር ወንዶች ልጅና አባት ሆነው «እወድሃለሁ» ሳይባባሉ የሚኖሩ ከሆነ ያ ቃል አንድ ቦታ መጠራቀም አለበት። የእኛ አገር ቦታው ግጥም ነው።

ሁለተኛው ቃል «ምሕረት» ነው፤ ይህ ደግሞ ከሌላ አካል ይመነጫል። በዐረብኛና በዕብራይስጥ ርኅራኄንና ማሕፀንን የሚሰይሙት ቃላት ከአንድ ሥር ይወጣሉ፤ የግእዙ «መሐረ» ደግሞ የዚያው ሥር ፊደላት ቦታ የተለዋወጡበት ቅርጽ እንደሆነ የሴም ቋንቋ አጥኚዎች ይገምታሉ። ስለዚህ ሙስሊሙ የፉሪ ነዋሪ ሥራውን ሲጀምር «አር-ራሕማን፣ አር-ራሒም» ብሎ የሚጠራው ስም ውስጥ ማሕፀን አለ። በሐዲስ እንደሚተረከው ነቢዩ አንዲት ምርኮኛ እናት የጠፋ ልጇን አግኝታ ከደረቷ ለጥፋ ስታጠባው አዩ፤ ይህች ልጇን እሳት ውስጥ ትጥለዋለችን ብለው ባልደረቦቻቸውን ጠየቁ፤ አላህ ለባሮቹ ከእሷ ይበልጥ አዛኝ መሆኑንም ነገሯቸው። የሙስሊሙ የውዳሴ ግጥም የሆነው የወሎ መንዙማ፣ ከባለ መንዙማው ከሼክ ጦልሐ ጃዕፈር ዘመን ጀምሮ በአማርኛ ሲንቆረቆር የኖረው፣ ከዚህ ምንጭ ይቀዳል። እዚያም ለማኙ ብቻውን አይቆምም፤ በነቢዩ አማላጅነት ይጠጋል።

ዕለታዊው አማርኛ ደግሞ ምሕረትን አንጀት ውስጥ አስቀመጠው። አንጀቱ ራራ፣ አንጀቷ አልቻለም፣ አንጀት ይበላል እንላለን። ልብ ያስባል፤ አንጀት ግን አያስብም፣ ይንሰፈሰፋል። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» የሚለው ተረትም ከዚሁ ነው። ልጆች ለምን እንደማይመሳሰሉ ያስረዳል፤ ግን እግረ መንገዱን ይቅርታም ያደርጋል። ጥፋተኛው ልጅ ከሌላ ቦታ አልመጣም፤ ከዚያው ሆድ ነው። የተገኘበት ሆድ ዥንጉርጉር ከሆነ ጥቁሩን መርጦ ማን ያወጣዋል?

ከይቅርታው በስተጀርባ እርግማን ባይኖር ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። በእኛ አገር ወላጅ የሚፈራው ከመምታቱ ይልቅ ከመርገሙ የተነሣ ነው። «ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ» የምትል እናት ያላትን ሁሉ አውጥታለች። ከዳተኛን «የእናት ጡት ነካሽ» የምንለውም ከዚያ የከፋ ስድብ አጥተን ነው። ታሪካችን ይህን ፍርድ ንጉሥ ላይ እንኳ ጽፎታል። አድያም ሰገድ ኢያሱ በ1706 እ.ኤ.አ. ሲገደሉ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በግድያው ስለነበረበት ትውልድ የሚያውቀው በመንግሥት ስሙ ሳይሆን «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» በሚለው ቅጽል ነው። ዙፋኑ ላይ ብዙም አልቆየም፤ በ1708 እሱም ተገደለ። ያ ቅጽል ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልተፋቀም። ይቅር የሚለው አባት ሞቷል፤ ሌላ ማንም በእሱ ፋንታ ይቅር ሊል አልቻለም። ግጥም ስለ ምሕረት ይህን ያህል የሚጨነቀው የወላጅ አፍ በሕይወት እያለ ብቻ የሚከፈት በር ስለሆነ ነው።

ስለ ወላጅ ይቅርታ ዓለም የሚያውቀው ትልቁ ታሪክ በሉቃስ ወንጌል 15ኛ ምዕራፍ ያለው የጠፋው ልጅ ነው። ሠዓሊው ሬምብራንት በሕይወቱ ማብቂያ አካባቢ ሥሎታል፤ ሽማግሌው አባት ሁለት እጁን በልጁ ጀርባ ላይ አሳርፏል፤ አንደኛው እጅ የወንድ፣ ሌላኛው የሴት ይመስላል የሚሉ ተመልካቾች አሉ። ይህ አስተያየት እኔን ይነካኛል፤ ምክንያቱም ምሳሌው ውስጥ እናት የለችም። አስታራቂ ሽማግሌም የለም። አባትየው ልጁን ከሩቅ አይቶ ራሱ ይሮጣል፤ ልጁ በልቡ ያጠናውን ንግግር እንኳ አያስጨርሰውም። የፉሪው አባት ግን አይሮጥም። መሮጥ ጠፍቶት አይደለም፤ ክብሩ ወንበሩ ላይ ያስረዋል። የእሱ ሩጫ በሌላ ሰው እግር ነው የሚሮጠው፤ በሽማግሌው፣ በሚስቱ፣ በነፍስ አባቱ። እኛ አገር ምሕረት አማላጅ ይፈልጋል። ግጥማችንም ሰማይን በዚሁ ቤት ልክ ሠራው፤ በላይኛው ቤት ዳኛ አለ፣ ከጓዳው በር የማትርቅ እናት አለች።

የካቲት 16 የሚከበረው ኪዳነ ምሕረት ይህ ሥዕል በሙሉ ግርማው የሚታይበት ቀን ነው። ቃል ኪዳኑ የተሰጠው ለእመቤታችን ነው፤ ስሟን ጠርቶ፣ በስሟ ጥቂት በጎ ነገር ያደረገ ሁሉ እንዲማር። ከቃል ኪዳኑ ጋር አብሮ የሚተረከው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። የቅምር ሰው ነው። በየዐውደ ምሕረቱ እንደሚነገረው ሰይጣን በእንግዳ ተመስሎ መጥቶ አሳስቶት የገዛ ልጁን አረደ፤ ከዚያ ወዲያ የሰው ሥጋ በላተኛ ሆነ፤ 78 ሰው በላ። አንድ ቀን ሰውነቱ በቁስል የተመታ ለማኝ በማርያም ስም ውኃ ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ከሞተ በኋላ ነፍሱ በሚዛን ስትቀመጥ በአንደኛው ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላኛው ጥርኝ ውኃ ሆነ። እመቤታችን ጥላዋን ባሳረፈችበት ጊዜ ውኃው ሚዛን ደፋ።

ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ በልጃቸው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ትእዛዝ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲነበብ ስለኖረ ይህ ታሪክ የባለቅኔዎች ሁሉ የጋራ ሀብት ሆኗል። ቅኔ ተማሪው ደግሞ ከሰማው በላይ ኖሮበታል። ቆሎ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከወላጆቹ ጠፍቶ የሄደ ልጅ ነው፤ በሬ ጠባቂ አጣን ብለው እንዳይከለክሉት ሌሊት የወጣ። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሚለምነው ያ ቁስለኛ በበላዔ ሰብእ ፊት በለመነበት ስም ነው። እንግዲህ ጠፊው ልጅ የራሱን እናት ትቶ ወጥቶ በሌላ እናት ስም ቁራሽ ይለምናል፤ ቁራሹን የምትሰጠው ሴትም ምናልባት የራሷ ልጅ ከአንድ ሩቅ ደብር እንዲሁ ይለምን ይሆናል። ይህ ልጅ ባለሁለት ቤት ከሆነው ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና፣ ጀምሮ እስከ ረጅሙ መወድስ ሲደርስ ስለ ምሕረት የሚቀኘው ከመጽሐፍ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ግን ልቆምበት የምፈልገው ቅዳሴ ማርያም ላይ ነው። ለብሕንሳው አባ ሕርያቆስ የሚሰጠው ይህ ድርሰት እንደ ሥርዓተ ጸሎት ብቻ ተነብቦ ይታለፋል፤ እንደ ግጥም ካነበብነው ግን ስለ ምሕረት የተጻፈ እጅግ ደፋር ክርክር አለበት። ደራሲው እመቤታችንን ይለምናል። የሚለምናት ግን «ማሪን» ወይም «አስምሪን» በማለት ብቻ አይደለም፤ ልጅሽን አስታውሺው ይላታል። በቤተልሔም የተወለደውን ልደት፣ የተጠቀለለበትን ጨርቅ፣ በብርድ ጊዜ ትንፋሻቸው ያሞቀውን እንስሳት፣ በሄሮድስ ዘመን ከአገር አገር ተሸክማው የሸሸችውን ስደት፣ ከዓይኗ ወርዶ በጉንጩ ላይ የፈሰሰውን እንባ፣ ረኃቡንና ጥሙን። ይህን ሁሉ ለጻድቃን ሳይሆን ለኃጥኣን አስታውሺ ይላል።

ክርክሩ ምንድን ነው? የጠፋው ልጅ ምሳሌ አምላክን አባት ያደርገዋል፤ እንዲምረን የምንጠብቀው ልጆቹ ስለሆንን ነው። አባ ሕርያቆስ ሥፍራውን ያገላብጠዋል። አምላክ እዚህ ልጅ ነው። ታዝሏል፤ ጠብቷል፤ በርዶታል፤ ርቦታል፤ በሰው አገር ስደተኛ ሆኗል። ስለዚህ ዕዳ አለበት፤ ልጅ ሁሉ ለእናቱ ያለበት ዕዳ። በድሎ የተመለሰው ልጅ በአባቱ ፊት የሚያፍርበት፣ አጥቢዋ እናት «ይፋረድህ» ስትል የምትጠራው ያ የጡት ዕዳ እዚህ የእርግማን መሣሪያ መሆኑ ይቀርና የምሕረት መሣሪያ ይሆናል። እናት ልጇን የምትረግምበት ነገር አምላክን የምታራራበት ነገር ሆነ። ስለ ወላጅ ይቅርታና ስለ አምላክ ምሕረት በእኛ ግጥም ከተባለው ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ይህ ነው። ምሕረት የሚመጣው አምላክ አባታችን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አንድ ጊዜ በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ልጅ ስለነበረም ነው። ለአዳም አምስት ቀን ተኩል ቆይቼ ከልጅ ልጅህ እወለዳለሁ ብሎ ቃል የገባለት አባት፣ ሊምር የፈለገው ዳኛ ሆኖ ከወንበሩ ሳይሆን ልጅ ሆኖ ከምድር ነው። የፉሪው አባት ከወንበሩ መነሣት ሲያቅተው የሰማዩ ተነሥቷል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ዘልሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በበላዔ ሰብእ ሚዛን ላይ የነበሩት 78 ሰዎችስ? እነሱን ማን ጠየቃቸው? ጥርኝ ውኃው ሚዛን ሲደፋ እነሱ ወደ ላይ ተነሡ፤ ቀለሉ። ልጅ ሆኜ ታሪኩን ስሰማ የታረደው የገዛ ልጁ እዚያ ሚዛን ላይ ምን እንደተሰማው አስብ ነበር፤ ዛሬም አስባለሁ። የምሕረት ግጥም ስለ ተበዳዩ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። በወንጌሉም ታላቅ ወንድም ውጭ እንደቆመ ታሪኩ ያበቃል፤ ገባ ወይስ ቀረ አይነገረንም። ይህን ጉድለት የሚሞላ ጥበብ ፉሪ ውስጥ አለ፤ የኦሮሞ ጉማ። በጉማ ሥርዓት ደም ያፈሰሰ ወገን ካሣ ሳይከፍል፣ የሟች ወገን ሳይሰማ፣ ዕርቅ የለም። ምርቃቱ፣ ኤባው፣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሽማግሌው ስንኝ በስንኝ ይመርቃል፣ የተቀመጠው ሰው በየስንኙ «ሃ ተኡ» እያለ ይቀበለዋል። ይሁን፣ ይሁን ማለት ነው። ያ ምርቃት ራሱ ግጥም ነው፤ ግን ዕዳው ከተከፈለ በኋላ የሚገጠም ግጥም። ቅዳሴው ምሕረትን ከዕዳ በፊት ያደርሳል፤ ጉማ ዕዳን ከምሕረት በፊት። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚሰማ ሰፈር አንዱን በሌላው ላይ መመርመር ይችላል፤ እኔም ሁለቱም ያስፈልጋሉ ከሚሉት ወገን ነኝ።

ዳዊት ላይ ደግሞ በዳይና ተበዳይ አንድ ሰው ናቸው። በቀድሞው ትምህርት ልጅ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ንባብ የሚደግመው በመዝሙረ ዳዊት ነበር። ሦስተኛው መዝሙር ርእሱ ላይ ከልጁ ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ የተዘመረ መሆኑን ይናገራል፤ ሃምሳኛው ኦርዮን አስገድሎ በነቢዩ ናታን ሲገሠጽ የጸለየው የንስሐ መዝሙር ነው። በእኛ ዳዊት ማብቂያ ላይ የምናገኘው 151ኛው መዝሙር ደግሞ ባለመዝሙሩ በአባቱ ቤት ከሁሉ ያነሰ፣ የአባቱን በጎች የሚጠብቅ ትንሽ ልጅ የነበረበትን ጊዜ ያነሣል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ልጅ ማንበብ የሚለምደው አንድ ሰው ልጅ ሆኖ፣ በዳይ ሆኖ፣ ልጁ የከዳው አባት ሆኖ በተናገረበት መጽሐፍ ነው። ዳዊት ራሱ ምሕረት ለምኖ አግኝቷል፤ የጦር አዛዦቹ ለልጁ እንዲራሩ ቢያዝም ግን አልሰሙትም። አቤሴሎም በዛፍ ተንጠልጥሎ ተገደለ። የአባት ይቅርታ ከአፉ ወጥቶ እስከ ልጁ ሳይደርስ መንገድ ላይ የቀረበት ታሪክ ነው፤ ባሕር ማዶ ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ያህል የሚቀርበው ምዕራፍ አላውቅም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን እናቲቱ ስሟን ለወጠች። ዘመናዊው ግጥም የሚለምናት፣ የሚወቅሳት፣ ይቅርታ የሚጠይቃት እናት አገር ሆነች። በዚህ ለውጥ ውስጥ ብዙ ያማረ ግጥም ተጽፏል፤ አንድ አደገኛ ነገርም ተከስቷል። በደርግ ዘመን «እናት አገር ወይም ሞት» ተብሎ በየአደባባዩ ሲፈከር እናት ለዘመናት የያዘችውን ቦታ ለቀቀች። ከዳኛው ፊት ቆማ ለልጇ የምትለምነው እናት በስሟ ልጅ የሚገደልባት እናት ተደረገች። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ የእውነቶቹ እናቶች ለተገደሉ ልጆቻቸው እንዳያለቅሱ ተከልክለው ነበር። ሙሾ የሌለው ሞት ያየ ትውልድ የምሕረት ግጥሙ ቢሰበር አይፈረድበትም። የአምላክን ምሕረት ስለሚያስታውሱ ስንኞች ስናጠና ይህን ስብራት ካልቆጠርን ያጠናነው ግማሹን ብቻ ነው።

ጥገናው በጸጥታ የመጣበትም ቦታ አለ። «የግጥም ጉባኤ»ን የጻፈው መንግሥቱ ለማ የቅኔ መምህሩ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነው። እንግሊዝ አገር ተምሮ፣ አዲስ ሐሳብ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ አባቱ ፊት ቁጭ ብሎ መስማት ነበር፤ አባት የነገሩትን ሰብስቦ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ብሎ አሳተመው። በመጽሐፉ የአባትየው አነጋገር ከነለዛው ተጠብቋል፤ ልጁ ቃላቸውን በራሱ ዘመናዊ ቋንቋ አልተካውም። ሩቅ አገር ሄዶ የተለወጠ ልጅ ወላጁን የሚክስበት መንገድ ይህን ሊመስል እንደሚችል ሳስብ ከብዙ የንስሐ ግጥም ይልቅ ይህ የስድ ንባብ መጽሐፍ ይታወሰኛል።

ለነገሩ የግጥማችን አባት ራሱ የተመለሰ ልጅ ነው። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን አክሱም የተወለደው ያሬድ አባቱ ሲሞትበት እናቱ ወደ ዘመዱ ወደ መምህር ጌዴዎን ወሰደችው። መምህሩ ለእሱ እንደ አባት ነበር፤ ትምህርት አልገባው ሲል ግን መታው። ልጁ ጠፋ። ማይ ኪራሕ በተባለ ቦታ ከዛፍ ሥር ተጠልሎ ሳለ አንዲት ትል ፍሬውን ለመብላት ግንዱን ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ ደግማ ስትወጣ አየ፤ በሰባተኛው ደረሰች። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ስለ ትሏ ነው የሚናገረው፤ ልጆች እንዲተጉ። እኔ ግን የማስበው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ያሬድ ተነሥቶ ወደ መታው ሰው ቤት ተመለሰ። ይቅርታ ጠየቀ። መምህሩ ተቀበለው፤ ትምህርቱንም ጀመሩ። ግንቦት 11 በሚከበርበት ቀን ካህናቱ መቋሚያ ይዘው የሚያሸበሽቡለት ድጓ፣ ከዚያ ወዲህ የተቀኘው ቅኔ ሁሉ፣ አንድ ሽማግሌ በር ላይ የቆመ ልጅ አይቶ «ግባ» በማለቱ የተገኘ ነው።